ይድረስ ለክቡር ፕሪንተር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአፕሮች ቻርቴን ዳር ዳሩን መብላት እንዲያቆሙልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ኦፍላይን ነኝ ከሚለው መልእክትዎ በስተቀር ደህና ነኝ። ከራውተሩ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ "አልተገናኘንም" ማለታችሁ ትንሽ ቢያስገርመኝም፣ በትልልቅ ሰዎች ጠብ መሐል መግባት አልፈልግም።

ይህን የምጽፍልዎ ነገ ጠዋት በረራ ስላለብኝ ነው። ትንበያው ደመናው ዝቅ ይላል ብሏል። ደመና ውስጥ ሆኖ ማኮብኮቢያ በዓይን አይፈለግም፣ በመሣሪያ ነው የሚገባው። ለዚህ ደግሞ የአፕሮች ቻርት የምትባል አንዲት ገጽ ታስፈልገኛለች። የትኛውን ፍሪኩዌንሲ እንደምሞላ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደምገባ፣ እስከ ስንት ጫማ እንደምወርድ፣ ማኮብኮቢያው አልታይ ካለኝ ደግሞ ወዴት ዞሬ እንደምወጣ የምትነግረኝ እሷ ናት። የእርስዎ ድርሻ እሷን ማውጣት ብቻ ነበር።

"ታብሌት የለህም እንዴ?" ይሉኝ ይሆናል። አለኝ። ግን ፀሐይ ሲያገኘው ይግላል። ብዙዎቹ ታብሌቶች የተሠሩት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላልበለጠ ሙቀት ነው፤ ዙሪያውን መስታወት የሆነ ኮክፒት ደግሞ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ይህን ቁጥር ያልፈዋል። ያኔ ታብሌቱ "ካልቀዘቀዝኩ አልሠራም" ብሎ ስክሪኑን ያጠቁራል። ወረቀት ይህ አመል የለበትም። ባትሪም አይጠይቅ። እንግዲህ ወረቀት ፍለጋ ስወጣ ነው እርስዎ እጅ ላይ የወደቅኩት።

መጀመሪያ ስለ ቢጫው እናውራ። ቻርቱ ከሞላ ጎደል ጥቁር በነጭ ነው። ጥቁር ቀለምዎ ሙሉ ነው። "ጥቁርና ነጭ" የሚለውንም ራሴ መርጫለሁ። እርስዎ ግን ቢጫ ስላለቀ ጥቁር አላትምም ብለው ቆሙ። ከፍ ያለ መሬት በቡናማ የሚቀባበት ቻርት ስላለ፣ "ለተራራው ቡናማ ልቀላቅልበት ነው" ቢሉኝ እንኳ ዝም እል ነበር። የመረጥኩት ግን ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ያለ ማረፊያ ነው። ጉብታ እንኳ የለውም! ለማንኛውም ጥርሴን ነክሼ ቢጫ ገዛሁልዎ። አሁን ሞልቶልዎታል፣ ምንም የሚያደርጉበት ነገር የለም እንጂ።

ከዚያ ወደ ልኩ መጣን። የአሜሪካው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤኤ፣ ቻርቶቹን በፒዲኤፍ በነፃ ያወጣል። ገጹ 13.7 በ21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጭኔ ላይ ለማስራት ሰሌዳ ልክክ ይላል። እርስዎ ግን ሳይጠየቁ "ከወረቀቱ ጋር ላመጣጥነው" ብለው ይለጥጡታል፣ ጭን ላይ ሳይሆን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ይሆናል። "ኧረ በልኩ!" ስልዎት ደግሞ ተቀይመው ዳሩን ይነክሳሉ። የትኛውን ዳር እንደሚነክሱ ያውቃሉ? እነዚያ ቻርቶች ግራና ቀኝ ዳራቸው ላይ በቁም የተጻፈች ደቃቅ መስመር አለቻቸው። ቻርቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ የምትናገረው እሷ ናት። እርስዎ ጠብቀው የሚበሉት እሷን ነው። የመድኃኒት ጠርሙስ ሸጦ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ፍቆ እንደ ማስረከብ ነው።

ቀኑ ምን ያደርግልሃል እንዳይሉኝ። የበረራ መረጃ በዓለም ዙሪያ የሚታደሰው ኤራክ በሚባል የ28 ቀን ዑደት ነው። አዲሱ ሁልጊዜ ሐሙስ ቀን ሥራ ይጀምራል። በዓመት አብዛኛውን ጊዜ 13 ዙር ይሆናል፤ ለእርስዎ 13 የቅሬታ አጋጣሚ ማለት ነው። በመሐል አንዱ ጋ ረጅም ምሰሶ ይተከላል፣ ሌላው ጋ ፍሪኩዌንሲ ይቀየራል፣ የመውረጃው ገደብ ከፍ ይላል። ያለፈው ዙር ቻርትና የአሁኑ ዙር ግን ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። የሚለያቸውን መስመር እርስዎ በልተውታል። ስለዚህ ቀኑን በእስክርቢቶ የምጽፈው እኔ ነኝ። በመሐል ኖታም፣ ማለትም ለአብራሪዎች የሚወጣ የለውጥ ማስታወቂያ፣ ወጥቶ አንድ ቁጥር ሲለወጥ እሱንም እኔው እየሰረዝኩ እጽፋለሁ። ማተሚያ ገዝቼ ቁም ጸሐፊ ሆንኩልዎ!

እግረ መንገዴን፣ ኤልሪ ጀፕሰን የሚባል የአየር ፖስታ አብራሪ ነበር። የማረፊያ ሜዳዎችን ርዝመት፣ የኮረብቶችንና የመሰናክሎችን ከፍታ በትንሽ ጥቁር ደብተር ይመዘግብ ነበር። ሌሎች አብራሪዎች ቅጂውን ፈለጉ፣ እሱም እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ አንዱን በ10 ዶላር ይሸጥ ጀመር። የዛሬው የቻርት ንግድ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ሰውዬው የጻፈው በእጁ ስለሆነ ማንም ቢጫ አምጣ አላለውም።

ወደ ዋናው በደል ልምጣ። ቀለምዎ ሲዳከም ነጭ መስመር ይጥላሉ፣ ይህ የታወቀ አመልዎ ነው። ሁለት ቻርት ጎን ለጎን በአግድም ወረቀት ሲያትሙ መስመሩ ለቻርቱ ቁልቁል ይወርዳል። ወርዶ የሚያርፈው የት ነው? ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ ግርጌው ላይ፣ የሚኒመም፣ ማለትም የመውረጃ ገደቦች፣ ሰንጠረዡ ውስጥ! በአይኤልኤስ፣ ማለትም በሬዲዮ ምልክት ወደ ማኮብኮቢያው በሚመራው መሣሪያ፣ ምድብ 1 አፕሮች የተለመደው ዝቅተኛ ገደብ ከመሬት 200 ጫማ ነው። በሰንጠረዡ ጎልቶ የሚጻፈው ደግሞ ከባሕር ወለል የሚለካው ከፍታ ነው፣ ለምሳሌ 880። አሁን ነጩ መስመርዎ በመሐለኛው 8 ግራ ጎን ይለፍ። 830 ሆነ። ቁጥሩ ያምራል፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ውሸታም አይመስልም። ግን 50 ጫማ ቀንሰውብኛል፣ ከ200ው ሩቡን ማለት ነው። ያውም ደመና ውስጥ። ለዚህ ነው ከእርስዎ የወጣን ቁጥር ሁሉ ከስክሪኑ ጋር አንድ በአንድ የማስተያየው። እንዲያው ሲያስቡት፣ ስክሪኑን የማላምነው ስለሚጠፋ ነው፤ እርስዎን የማላምነው ግን ስለሚያትሙ ነው።

ቀለምዎ ሰው ወዳድም ነው። ላብ ያለው አውራ ጣት ሲነካው ተነሥቶ አብሮ ይሄዳል። ሌዘር የሆኑት ዘመዶችዎ ዱቄታቸውን በሙቀት አቅልጠው ስለሚያጣብቁት በላብ አይነቃነቁም። (ላስቲክ ውስጥ ከተው ፀሐይ ላይ ከረሷቸው ግን ጽሑፉ ከላስቲኩ ጋር ይጋባል። ቤተሰቡ ሁሉ የየራሱ ጉድ አለው።)

የግልበጣውንም ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው ደመና ውስጥ ሆኜ ተቆጣጣሪዋ ማኮብኮቢያ መቀየሩን ነገረችኝ። የአዲሱ ቻርት በወረቀቱ ጀርባ ነበር። ሳሳትም በየትኛው ጎን ይገለበጥ ሲሉኝ "ወደ ላይ" ብያለሁ፤ እርስዎ ማታ ራስዎን አዘምነው ምርጫዬን ጥለውታል። አንድ እጄ መሪው ላይ ነው። በሌላው ወረቀቱን ወደ ላይ ገለበጥኩ። ቻርቱ በአናቱ ተዘቅዝቆ ጠበቀኝ። ሰሜን ወደ ሆዴ ዞሯል፣ ማኮብኮቢያ 09 ደግሞ 60 ሆኗል። የማኮብኮቢያ ቁጥር በዓለም ዙሪያ 36 ላይ ያበቃል፣ ስለዚህ ክቡርነትዎ አዲስ ማኮብኮቢያ መርቀውልኛል ማለት ነው። ወረቀቱን ከሰሌዳው ነቅዬ፣ አዙሬ እስክመልስ ድረስ አውሮፕላኑ "ቆይ እጠብቅሃለሁ" አላለኝም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሙከራ ገጽ አዘዝኩዎ። ያቺን ግን እንዴት አሳምረው አወጧት! መስመሮቿ ቀጥ ያሉ፣ ዳሯ ያልተነካ፣ ቀለሟ የደመቀ። የምትጠቅም ገጽ ብትሆን ኖሮ እንዲህ እንደማትወጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ይህን ነው። ዛሬ ማታ፣ ወረቀት ሳይቆረጥምዎት፣ ጥቁር በጥቁር፣ በልኩ፣ ዳሩ ላይ ካለው ቀን ጋር ያትሙልኝ። የዋናውን ማረፊያና የተለዋጩን ብቻ ነው የምፈልገው። ሌላውን ቂም እስከሚቀጥለው ኤራክ ድረስ ማቆየት ይችላሉ።

ደጅ ጠኚዎ፣
ወረቀት ሞይና ቀለም ቀላቢ

ግልባጭ፦
ለሰማያዊው ቀለም፣ የሚቀጥለው ተረኛ እሱ እንደሚሆን ስለምጠረጥር።