ክንፍ ስላላቸው የትም ይሄዳሉ?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የግንባታ ነገር ሲነሳ አንድ መልስ ቶሎ ይመጣል። «ወፎቹ ክንፍ አላቸው፤ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ።» ሲሰሙት ልክ ይመስላል። እኔ ግን አልስማማም።

ሳቢሳን የሚጠቅስልኝ አይጠፋም። ከብት የምትከተለው ይህች ነጭ ወፍ ከአፍሪካ ተነስታ አትላንቲክን በራሷ ክንፍ ተሻግራለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደቡብ አሜሪካ ታየች። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ፍሎሪዳ ደረሰች። ግን አዲሱን አገር ለምን ለመደችው? ሰው ደኑን መንጥሮ፣ ግጦሽ አድርጎ፣ ከብት አሰማርቶ ጠበቃት።

አሁን ቦረና እንውረድ። እዚያ ግራጫ ቀለም ያለው የቁራ ዘመድ አለ። ከያቤሎ፣ ከአሬሮና ከሜጋ አካባቢ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ለሳይንስ የተዋወቀውም እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ክንፉ ደህና ነው፣ የሚያግደው ተራራም ባሕርም የለም። ከሰፈሩ ወጣ ሲሉ ያው ግራር፣ ያው ቁጥቋጦ ይቀጥላል። ተመራማሪዎች ያገኙት ልዩነት ሙቀት ነው። እሱ የሚኖርበት ቦታ ቀዝቀዝ ይላል፣ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ነው፤ ዙሪያው ይሞቃል። በቃ፣ አይሄድም።

ወደ ሐይቃችን ስንመለስ፣ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ሄዶ አባ ኮዳዎቹን ያየ ሰው «ወፉ መቼ ጠፋ!» ይላል። አባ ኮዳ ግን ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ አገሮች ይገኛል። የዓሣ አንጀትና የቆሻሻ ክምር ካለ ይመቸዋል። (ለእንግዳ ቀድመን የምናሳየው ያንን ራሰ በራ መሆኑ ሁሌ ያስቀኛል።) የእሱ መብዛት ስለ ሐይቁ ጤና ምንም አይነግረንም። ድንክ ዳክዬዋ የዓሣ አንጀት አይሆናትም። ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ዕፅዋትንና ዘራቸውን ነው የምትፈልገው። ፊላው ውስጥ ጎጆ የሚሠሩም አሉ። ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ደግሞ ጭቃው ላይ ትላትልና ነፍሳት ይለቅማሉ። ዳርቻው ሲሚንቶ ሲሆን «ሌላ ሐይቅ ይሂዱ» ማለት፣ እዚያ ያለውን ቦታ የያዘ ሌላ ወፍ የለም ብሎ ማሰብ ነው።

ሎጁም ካፌውም ይሠራ፣ ከተማዋ ከሐይቁ ትጠቀም። ፈቃድ የሚሰጠው አካል ግን ካርታውን ሲያይ ፊላው የት እንደሚጀምርም ይይ። አጥሩም፣ የእግር መንገዱም ከዚያ መስመር ወደኋላ ይሁን።