ለክቡር የትራውት ማስገሪያ ደንብ መጽሐፍ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ 29 ሳንቲሜትሯ ትራውት ዓሣ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ በእርስዎ ሳቢያ ስለደረሰብኝ ውርደት ጥቂት ቃላት እንድጽፍ ይፈቅዱልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ። እርስዎ 64 ገጽ፣ እኔ ደግሞ ሁለት እጅ ብቻ ያለን መሆናችንን ከወዲሁ ልብ ይበሉልኝ፤ የጠባችን ምንጭ ከዚህ የራቀ አይደለምና።

ወንዙ ዳር የደረስኩት ሕግ አክባሪ ሆኜ ነበር። ያን ሁሉ ቅጽ ሞልቼና ያን ሁሉ ሰልፍ ቆሜ ያገኘሁት ፈቃድ በላስቲክ ተሸፍኖ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እርስዎም ለሁለት ታጥፈው የኋላ ኪሴ ውስጥ ተቀምጠዋል። በመንጠቆዬ ጫፍ ወደ ኋላ የዞረችውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቄአታለሁ፤ ትል አልያዝኩም፤ ክሬ ላይ ያሰርኩት ከላባና ከክር የተሠራች አንዲት ዝንብ ብቻ ነው። በሦስተኛው ውርወራ ዝንቧ ከድንጋዩ ሥር ባለው ጸጥ ያለ ውኃ ላይ እንዳረፈች ውኃው ተሰነጠቀ፤ ዘንጌም ጎበጠ። ከጥቂት ደቂቃ ትግል በኋላ፣ ጎኗ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ የተዘራባት፣ ሆዷ ቅቤ የመሰለ ቡናማ ትራውት መረቤ ውስጥ ገባች።

እንግዲህ ይዣት ልሂድ ወይስ ልልቀቃት? እርስዎን ማማከር ግድ ሆነብኝ። ዓሣዋን በግራ እጄ ከውኃው አወጣሁና እርስዎን በቀኝ እጄ ከኪሴ መዝዤ፣ ሜትሩን በጥርሴ ነክሼ፣ በእርጥብ አውራ ጣቴ መግለጥ ጀመርኩ። ገጽ 7 ላይ ጠቅላላው ደንብ ከ25 ሳንቲሜትር በላይ የሆነ ትራውት መያዝ እንደሚቻል ይናገራል። ደስ አለኝ። ነገር ግን ከሥሩ ጉንዳን በጻፈው በሚመስል ፊደል፣ ልዩ ደንብ ያላቸው ወንዞች ከገጽ 38 ጀምሮ መዘርዘራቸውና ልዩው ደንብ ጠቅላላውን የሚሽር መሆኑ ተመልክቷል። ገጽ 38 ላይ ወንዞቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ ሳይሆን በቀጣና ነው፤ የቀጣናው ካርታ ያለው ደግሞ ገጽ 22 ላይ ነው። ገጽ 41 ላይ ወንዜን አገኘሁት፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ከድልድዩ በታች፣ ወንዙ በሚወርድበት በኩል ከሆነ 25 ሳንቲሜትር፣ ከድልድዩ በላይ፣ ወንዙ በሚመጣበት በኩል ከሆነ 30 ሳንቲሜትር ይላል። እኔ የቆምኩት የድልድዩ ጥላ ሥር ነበር። ቢያንስ ርዝመቷን ልለካ ብዬ ወደ ገጽ 12 ተመለስኩ፤ እዚያም ርዝመት ማለት አፏ ተከድኖ፣ ጭራዋ ተጨምቆ፣ ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ጭራዋ ጫፍ ያለው ልኬት መሆኑን ተረዳሁ። ጭራዋን ስጨምቀው 29 ሆነች፤ ስለቀው ግማሽ ሳንቲሜትር ጎደለች። አፏን መክደን ግን አልተቻለኝም፤ ያለማቋረጥ ትከፍተው ነበርና።

በዚህ መሐል ከድልድዩ ላይ «ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ አራት» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ትክክለኛውን ገጽ የምትጠቁመኝ ደግ ሰው መስላኝ ገጽ 64ን ገለጥኩ። የጀልባ ማስታወቂያ ነበር። ቀና ስል አንዲት ወጣት ተቆጣጣሪ የድልድዩን መደገፊያ ተደግፋ ሰዓቷን እየተመለከተች ነው፤ ስትቆጥር የነበረው ሴኮንድ ነበር። ከጎኗም ሁለት ልጆች ቆመዋል።

«ጋሼ» አለች በጨዋ አነጋገር፣ «እርስዎ ያንብቡ፤ ማንበብ መልካም ነው። ዓሣዋ ግን ማንበብ ስለማትችል ውኃ ውስጥ ሆና ትጠብቅዎት።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሜትሩን እንደነከስኩ ልስቅ ሞከርኩ።

የቆምኩት ከድልድዩ በላይ በሦስት እርምጃ መሆኑን ነገረችኝ፤ ስለዚህ መልቀቅ ግዴታ ነው። ዓሣዋን ውኃው ላይ አስቀመጥኳት፤ ወዲያው ሆዷን ወደ ሰማይ አዞረች። ጭራዋን ይዤ ፊቷን ወደ ወራጁ አዙሬ ደገፍኳት። ሁለት ጊዜ ቀጥ አለች፤ የጉንጯ ክዳን ቀስ እያለ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ፤ በመጨረሻ እንደተከፈተ ቀረ። ተቆጣጣሪዋ ወርዳ አየቻትና ቅጽ አወጣች። ዓሣዋ ከ30 ሳንቲሜትር በታች ስለሆነች ብትሞትም ይዣት መሄድ እንደማልችል አስረዳችኝ፤ ስለዚህ ሬሳዋን ወደ ወንዙ ወርውሬ፣ «ዓሣን ሳይጎዳ ባለመልቀቅ» የሚል ማስጠንቀቂያ ላይ በረጠበ እጄ ፈረምኩ። ልጆቹ በዚያን ጊዜ አልሳቁም፤ ዝም ብለው ነጩ ሆዷ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ሲወርድ ይመለከቱ ነበር።

ክቡርነትዎ፣ ልጅቷን አልወቅስም፤ ሥራዋን ነው የሠራችው፤ ቆጠራዋም ከአሽሙር ያለፈ ቁም ነገር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት፣ እስኪደክሙ ከተባረሩ የቀስተ ደመና ትራውቶች መካከል ከውኃ ሳይወጡ የቀሩት በ12 ሰዓት ውስጥ 12 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ ከድካሙ በኋላ 30 ሴኮንድ አየር ላይ የቆዩት 38 በመቶ፣ 60 ሴኮንድ የቆዩት ደግሞ 72 በመቶ ያህል ሞተዋል። ይህን ያነበብኩት ቅዳሜ ማታ ነው፤ ያውም ከእርስዎ ዘንድ አይደለም። ከእርስዎ ዘንድ ያገኘሁት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የማይያዝ ዓሣ ወዲያውኑ፣ ሳይጎዳ ወደ ውኃው ይመለስ።»

እንዴት ተደርጎ? እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ተደርጎ ነው ሳይጎዳ የሚመለሰው? «ርዝመት» ለሚለው ቃል ግማሽ ገጽ ሰጥተህ፣ «ሳይጎዳ» ለሚለው አንዲት መስመር ነፈግህ። በደረቅ እጅ የተያዘች ዓሣ ከበሽታ የሚጠብቃት ዝልግልግ ሽፋን እንደሚገፈፍባት፣ ስለዚህም አስቀድሞ እጅን ማርጠብ እንደሚገባ አልጻፍክም። ዓሣዋ ውኃ ውስጥ በመረብ ሆና መንጠቆው እዚያው ሊነቀል እንደሚችል፣ ጉሮሮዋ ድረስ የዋጠችው ከሆነ ደግሞ ከመጎርጎር ይልቅ ክሩን ቆርጦ መተው እንደሚሻል አልጻፍክም። ውኃው ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ የሚይዘው ኦክሲጅን ስለሚያንስ በዚያን ቀን ዘንግን ጠቅልሎ ወደ ቤት መመለስ እንደሚሻል አልጻፍክም። ይህ ሁሉ የጀልባው ማስታወቂያ በተንጣለለበት ገጽ ላይ ይበቃ ነበር። ሽፋንህስ? ሽፋንህ ላይ አንድ ሰው ጥርሱን እያሳየ፣ በደረቁ ሁለት እጆቹ፣ ጣቱን ከመተንፈሻዋ ሥር ሰክቶ፣ አንዲት ትራውት ደረቱ ድረስ አንሥቶ ቆሟል! እኔ ቅዳሜ ዕለት ያደረግኩትን ነው እኮ ያደረገው፤ ልዩነታችን እሱ አንተን አለመያዙ ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡርነትዎ፤ ንዴት ቢይዘኝ «አንተ» አልኩዎት።

ሌላውን ቅሬታዬን ባጭሩ ላቅርብ። ከጀርባዋ በስተጭራ በኩል ያለችው ትንሽ ክንፍ ከተቆረጠች በማራቢያ ያደገች ስለሆነች መያዝ ይፈቀዳል፣ ካልተቆረጠች የዱር ናትና ትለቀቅ የሚለውን የቀስተ ደመና ትራውት አንቀጽዎን ወድጄዋለሁ፤ ሥዕሉ ግን ክንፏን ሆዷ ላይ አድርጓታል።

በሌላ በኩል፣ ቡናማው ትራውት በመጸው እንቁላሉን በሚጥልበት ጊዜ ወንዙን መዝጋትዎን ከልቤ እደግፋለሁ። እንቁላሉ የተቀበረበትን፣ ጠጠሩ ታጥቦ የነጣበትን ቦታ ሳይ ዞሬ ማለፍን የተማርኩት ከእርስዎ ነው፤ ውለታዎን አልክድም።

ዓሣ የመልቀቅ ነገር ራሱ እንደ አገሩ መሆኑንም አውቃለሁ። በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ የአገሬው ተወላጅ የሆነችውን ከትስሮት ትራውት መልቀቅ ግዴታ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በየሎውስቶን ሐይቅ መኖሩ የተደረሰበትንና እሷን እየበላ የፈጃትን ሌክ ትራውት ግን እዚያው ሐይቅ ላይ የያዘ ሰው ሊገድለው ይገደዳል። በስዊዘርላንድ ደግሞ ሊለቁት አስቀድመው አስበው ዓሣ ማጥመድ ራሱ ክልክል ነው። ሰዎቹ የተለያየ ነገር ቢያዙም፣ ሁሉም ዓሣው እጅ ላይ ከመውጣቱ በፊት ምን እንደሚደረግ ወስነዋል። የእርስዎ ውሳኔ ግን ከገጽ 7 ወደ 38፣ ከ38 ወደ 22፣ ከ22 ወደ 41፣ ከ41 ወደ 12 ሲጓዝ ዓሣዋ አትጠብቅም። አስቀድሜ ቤቴ ማንበብ ነበረብኝ ይሉ ይሆናል፤ እውነትዎን ነው፣ ነበረብኝ፤ ለዚህ መልስ የለኝም።

ከቅዳሜ ወዲህ ገጽ 41ን ገንጥዬ በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። ሜትሩን ከጥርሴ ለማሳረፍም ዘንጌ ላይ በ25 እና በ30 ሳንቲሜትር ቀይ ክር አስሬያለሁ። ድልድዩን የሚመለከተው ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም፦ ልኩ የሚጀምረው ከላይኛው ጠርዝ ነው ወይስ ከታችኛው? በሚቀጥለው ዓመት እትምዎ እንዲመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ሽፋኑ ላይ ለሚገኙት ፈገግተኛ ሰው፣ እጃቸውን አርጥበው እንዲያነቡት
ለ29 ሳንቲሜትሯ ዓሣ፣ ባለችበት