አስር ሰው እስኪሞላ

መጋቢት 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናዋ ጓንዡ የተነሳ የጭነት አውሮፕላን ቦሌ አረፈ። የጫነው የቻይናዊው ቢሊየነር የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ጃክ ማ ፋውንዴሽን፣ ለአፍሪካ የላከውን የኮሮና መመርመሪያ፣ ማስክና መከላከያ ልብስ ነበር። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነው። አዲስ አበባ ፋርማሲዎች ውስጥ ማስክ የለም፤ ካለም ዋጋው አይቀመስም።

አከፋፈሉ ቀላል ነበር። ለ54ቱም የአፍሪካ አገሮች ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ መመርመሪያ፣ 100 ሺህ ማስክ፣ 1 ሺህ መከላከያ ልብስና የፊት መሸፈኛ። ለሲሸልስም ያው፣ ለናይጄሪያም ያው፣ ለኛም ያው። የሲሸልስ ሕዝብ መቶ ሺህ ገደማ ነው። ለያንዳንዱ ሰው አንድ ማስክ ደረሰው ማለት ነው። እኛ ከ110 ሚሊዮን በላይ ነን። አንዷን ማስክ ለ1100 ሰው!

ምስጋና ልነፍግ አይደለም። በዚያ ሰሞን ያስፈለገው ፍጥነት ነበር። «በሕዝብ ብዛት እናካፍል» ቢባል ኖሮ ክርክሩ ብቻ ወር ይፈጅ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ዕቃውን ቶሎ ቶሎ ለየአገሩ አድርሷል። ግን ለሁሉም እኩል መስጠት ለሁሉም ፍትሐዊ መሆን እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሒሳብ አላውቅም።

ዓመት አልፎ ክትባት መጣ። ሰኔ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. መቀመጫው ቶሮንቶ የሆነው ማስተርካርድ ፋውንዴሽን ለሦስት ዓመት የሚሆን 1.3 ቢሊዮን ዶላር እንደመደበ አስታወቀ። ያን ጊዜ ቢያንስ አንድ ዶዝ ያገኘው አፍሪካዊ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ገንዘቡ ቢያንስ ለ50 ሚሊዮን ሰው ክትባት ይገዛል፣ ክትባቱን ለማዳረስ ይረዳል፣ በአህጉሩ ክትባት የሚያመርት ባለሙያ ለማሠልጠን መነሻ ይሆናል ተባለ። አጋሩ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ በሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ አፍሪካ ሲዲሲ ነው። ይሄ ጥሩ ነው። ማንም ያልመረጠው የቦርድ አባል ካናዳ ቁጭ ብሎ ለአፋር አርብቶ አደር ከሚወስንለት፣ ቢያንስ ጠረጴዛው ወደዚህ መጠጋቱ።

የኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ክትባቱ ቦሌ ከደረሰ በኋላ ያለው።

የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ክትባት ለየአገሩ በሚያዳርሰው ዓለም አቀፍ ጥምረት፣ በኮቫክስ በኩል የመጣልን የመጀመሪያው ክትባት 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ ነበር። የአስትራዜኒካ አንድ ብልቃጥ ለአስር ሰው ነው። አንዴ ከተከፈተ በስድስት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ያላለቀው ይደፋል። እስቲ ከወረዳው ከተማ ራቅ ያለ ጤና ኬላ አስቡ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የክትባት መያዣ ሣጥኗን አንግታ በእግሯ መጥታለች። ከጠዋት ጀምሮ የመጡት አራት ሰዎች ናቸው። አንዷ አሮጊት ናቸው፤ ሁለት ሰዓት ተጉዘዋል። ብልቃጡን ትክፈተው? ከከፈተችው ስድስት ዶዝ ይደፋል፣ ሪፖርቱ ላይም «ብክነት» ተብሎ በሷ ስም ይገባል። ካልከፈተችው አሮጊቷን «ሌላ ቀን ይምጡ» ልትላቸው ነው። ሚኒባስ ነው እንዴ እስኪሞላ የሚጠበቀው?

ከተማ ውስጥ ይሄ ችግር የለም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ብልቃጡ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ስለዚህ «ብክነትን ቀንሱ» የሚለው መመሪያ ሳይታወቅ ክትባቱን ወደ ከተማ ይጎትተዋል። ማንም ክፉ አላሰበም። ፎርሙ ግን የሩቁን ሰው ይቀጣል።

ለዚህ ነው ለፋውንዴሽኖች አንድ ነገር ማለት የምፈልገው። የሚደፋውን ስድስት ዶዝ እናንተ ክፈሉ። መንግሥት ይህን ለማድረግ ይቸገራል። ኦዲተር አለበት፣ ምክር ቤት አለበት፣ «መድኃኒት ደፋ» የሚል አርዕስተ ዜና ይጠብቀዋል። የፋውንዴሽን ገንዘብ ግን እንዲህ ያለውን ነገር መቻል አለበት። ካልቻለ ልዩ የሚያደርገው ምንድን ነው? የነዳጁን፣ የአበሉን፣ የሣጥኑን ወጪ እንደዚሁ። ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት ክትባት ለመግዛት 1 ዶላር የሚያወጣ ለማድረስ 5 ዶላር መመደብ አለበት ብሏል። ለጋሾች ግን ካሜራ ፊት የሚቆሙት ከካርቶኑ ጋር ነው። ከነዳጅ ደረሰኝ ጋር ፎቶ የተነሳ አላየሁም።

ማድረሱ ሲዘነጋ ምን እንደሚመጣ ማላዊ ላይ ታይቷል። መጋቢት 17 ቀን 2013 ዓ.ም. 102 ሺህ ዶዝ ደረሳት። ኤምቲኤን የተባለው የስልክ ኩባንያ በለገሰው ገንዘብ የተገዛ፣ በአፍሪካ ኅብረት በኩል የተላከ። የሚያበቃበት ቀን ሚያዝያ 5 ነበር። አሥራ ስምንት ቀን! የአገሪቱ ባለሙያዎች አብዛኛውን ሰጥተው ጨረሱ፤ እንዲያውም ሊመሰገኑ ይገባል። የቀረውን 19,610 ዶዝ ግንቦት ላይ በአደባባይ አቃጠሉት። ዓለም ያየው ጭሱን ብቻ ነው። ወሬውም «ማላዊ ክትባት አቃጠለች» ሆነ። ሊያልፍበት የተቃረበ ክትባት ማን ላከ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያ እዚህ ላይ የተሻለ መነሻ አላት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ባለሙያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የቱ ቤት ነፍሰ ጡር እንዳለች፣ የቱ ቤት የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ እንደተደበቀ ያውቃሉ። «ክትባቱ መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬም የሚሰሙት እነሱ ናቸው። ከቶሮንቶም ከአዲስ አበባም የሚመጣ ፖስተር ይህን ወሬ አይመልስም። እድሩ ላይ ተገኝታ፣ ቡና ላይ ቁጭ ብላ የምትመልሰው እሷ ናት። ለዚያ የምታጠፋው ቀን ግን የትኛውም የበጀት መስመር ላይ አይታይም።

ይሄ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. አፍሪካ ሲዲሲ የዝንጀሮ ፈንጣጣን የአህጉሩ የጤና አደጋ ብሎ አውጇል። ጃፓን ለኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ 3 ሚሊዮን ያህል ዶዝ ለመስጠት ተስማማች። ክትባቱ ለሕፃናትም የሚሆን ነው። አንዱ ብልቃጥ ግን ለአስር ሰው መሆኑ ቀርቶ ለ250 ሰው ነው። የኮንጎ መንገድ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ብልቃጧ ተከፍታ የሚቀረውን ማን እንደሚከፍል በስምምነቱ ላይ አስቀድሞ የሚጽፍ ለጋሽ ካለ፣ እሱን ነው ማየት የምፈልገው።