እርማት፦ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ያረፉት ከጦርነቱ በፊት አይደለም

«ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጣልያን ሳይወረን በ1931 በፈረንጆቹ ሞቱ» የምትሉ ወዳጆቼ፣ ይቅርታ፣ ዓመቱ ልክ ሆኖ ካላንደሩ ተምታቷል። 1931 የእኛ ነው። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት የመሩት፣ የስንቱን ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ መዝግበው ያቆዩልን እኚህ ሰው ያረፉት መስከረም 1931 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1938። ያውም ባዝ፣ እንግሊዝ አገር፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በስደት ላይ እያሉ።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ ከፈረንጆቹ ዓመት 7 ቀንሱ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ደግሞስ በፈረንጆቹ 1931 መጨረሻ ላይ ጃፓን በመልእክተኛነት ይዞሩ ነበር እኮ! ጦርነቱ ሲጀመርም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እሳቸው ነበሩ። 7 ዓመት ቀድመን ከገደልናቸው የወረራውና የስደቱ ዘመን ከታሪካቸው ይጠፋል።