ውዳሴ ለጾመኛው ሆድ

አንዳንድ ሰው ጾም ማለት መቀነስ ይመስለዋል። እንዲህ የሚያስብ ሰው በጾም ወራት ባሕር ዳር ምሳ በልቶ አያውቅም። እኛ ዘንድ ጾም ማለት ማዛወር ነው፦ ከሥጋ ቤት ወደ ዓሣ ቤት፣ ከቅቤ ወደ ነጠረ ዘይት፣ ከክትፎ ወደ «የጾም ክትፎ»። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሆዳችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ፍስክ ቢሆን ሥራ፣ ጾም ቢሆን የትርፍ ሰዓት ሥራ። ይህን ያህል ታታሪ የአካል ክፍል እስካሁን አንድም አመስጋኝ ሳያገኝ መኖሩ ያሳዝናል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏችኋል እንጂ!

በመጀመሪያ የሚደነቀው ዝግጅታችን ነው። የነነዌ ጾም ረቡዕ ያበቃና ዐቢይ ጾም በ2ኛው ሰኞ ይገባል። በመካከል ያሉት 11 ቀናት ናቸው። ከእነሱ ላይ 2ቱን ዓርብና 1ዱን ረቡዕ ስንቀንስ 8 ቀን ብቻ ይተርፋል። እንግዲህ የ55 ቀን ሥጋ በ8 ቀን መብላት እንዲህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ስልት ይጠይቃል። ልምድ ያለው ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጥብስና በቅቅል እየተለማመደ ይቆይና ሽንጡንና ዳቢቱን ለመጨረሻው ቅዳሜና እሑድ ያቆያል። ለእሑድ የሚፈልገውን ቁርጥ ለማግኘት ደግሞ ሥጋ ቤቱን ከሐሙስ ጀምሮ ማናገር አለበት፤ እሑድ ከሰዓት የሚደርስ ሰው የሚጠብቀው ጅማት ነው። ሌሊት 6 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ጎረድ ጎረዱን በሚጥሚጣ እየጠቀሰ የነበረ ሰው፣ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ አፉን በአረቄ ተጉመጥምጦ ጾመኛ ሆኗል። ሥጋው እስከ ማክሰኞ ድረስ ሆዱ ውስጥ አብሮት ይጾማል።

ቀጥሎ የሰዓት አክባሪነታችን ይመስገን። በቀጠሮ አንድ ሰዓት ማርፈድ ወጉ የሆነ ሕዝብ፣ ሠርግ ቤት የ6 ሰዓቱን ምሳ 8 ተኩል የሚቀመጥ ሕዝብ፣ በጾም ጊዜ 9 ሰዓትን በሴኮንድ ያውቃታል። አዋቂው ጿሚ 9 ሰዓት ላይ አያዝዝም። 9 ሰዓት ላይ ያዘዘ ሰው ከወጥ ቤት የሚመጣለት 9 ከ40 ነው፤ 40 ደቂቃ ያለ ምክንያት ጾመ ማለት ነው። ትክክለኛው አሠራር 8 ተኩል ላይ መቀመጥ፣ ወዲያው ማዘዝ፣ 9 ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀር እጅ መታጠብና ትሪው ሲቀርብ ስልክ ላይ ሰዓት ማየት ነው። ትሪው ቀደም ብሎ ከመጣ ፎቶ ለማንሳት ጊዜ ይገኛል። በያይነቱ ከላይ ወደታች ነው የሚነሳው፤ ቀይ ሥሩ ከጎመኑ አጠገብ እንዲወድቅ ትሪው ይዞራል፤ ከሥሩም ስለ ነፍስና ስለ ትዕግሥት ሁለት መስመር ይጻፋል። ጥዋት ቁርስ ስለመዘለሉ ግን ብዙ ባይነሳ ጥሩ ነው፤ 7 ሰዓት ድረስ የተኛ ሰው ቁርስ አልበላም ብሎ ለመጻፍ ትንሽ ማፈሩ አይቀርም።

ከሁሉ የሚልቀው ምርመራችን ነው። አንድ ሰው ውል ሲፈርም ያላነበበውን ያህል የብስኩት ልጣጭ ያነብባል። ከስኳርና ከዱቄት ቀጥሎ በጥቃቅን ፊደል «የወተት ዱቄት» የሚል ከተጻፈ ብስኩቱ በድንጋጤ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ዳቦ ላይ ደግሞ ማብለጭለጩ ይታያል፤ ቡኒ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ እንቁላል ተቀብቶ ይሆናል፣ ደብዘዝ ካለ ንጹሕ ነው። ይህ እንኳ እውቀት ነው፤ ማንም አይንቀውም። የሐይቁ ዳር ምግብ ቤቶች አስተናጋጆች ግን በየዓመቱ የሚፈተኑት ከዚህም የከበደ ፈተና ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሽሮው የጾም ነው?»
«አዎ ጋሼ፣ የጾም ነው።»
«መጥበሻውስ? ትናንት እንቁላል አልተጠበሰበትም?»
«ለየብቻ ነው ጋሼ።»
«ቢላዋውስ?»
«እሱም ለየብቻ ነው።»
«ሽንኩርቱን የከተፈችው ልጅ ትጾማለች?»

ልጁ መልስ የለውም። ጋሼ ግን የልጁን ዝምታ እንደ ጥፋት ቆጥረው ከመነሣታቸው በፊት ጉርሻ መተዉን ይዘነጋሉ። የቢላዋውን የዘር ሐረግ እስከ ሦስት ትውልድ ያጣሩ ሰው፣ ያን ልጅ ጾሙን ምን በልቶ እንደሚፈታ መጠየቅ አልታሰባቸውም። ደግሞስ ስንቱን ይጠይቁ? ከነገሩ ጾም እደሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው የጾማችን ዐምድ፣ ወደ ዓሣው እንምጣ። አባቶች ዓሣም በጾም አይበላም ሲሉ ይሰማል፤ ባሕር ዳር ግን ሐይቁ በር ላይ ስለሆነ የራሷን ጉባኤ ሳትሰበስብ ወስናለች። ማስረጃው «ዓሣ ደም የለውም» የሚለው ነው። ይህን የሚናገሩት ሰዎች ጥዋት መረብ ሲወጣ፣ ዓሣው ሲገነጠል፣ ከጭንቅላቱ ሥር ያለው ቀይ መተንፈሻ ሲወጣና አሸዋው ሲቀላ ለማየት ያልታደሉ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ተኝተዋልና አይፈረድባቸውም። ሌላው ማስረጃ ደግሞ ዓሣ ውኃ ውስጥ ስለሚኖር ከጎመን ወገን ነው የሚል ነው። ለዚህኛው መልስ አልተገኘለትም።

መብላቱ ካልቀረ በወጉ ይሁን። ለጥብስ ቆሮሶ ይመረጣል፤ ግማሽ ኪሎ አካባቢ የሆነ ለአንድ ጾመኛ ይበቃል፣ ሁለት ካዘዘ ደግሞ የጾሙን ክብደት ይገልጻል። ቅርፊቱ ከጅራት ወደ ራስ ተፍቆ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ጎንና ጎኑ ላይ በጣት ስፋት ርቀት አጥንት እስኪነካ ድረስ ሰያፍ ይሰነጠቃል። ይህ ለጌጥ አይደለም፦ ዘይቱ በስንጥቁ ገብቶ ደቃቁን አጥንት ያደርቀዋል፤ ያልተሰነጠቀ ዓሣ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ጨውና ሎሚ ነክቶት ለሩብ ሰዓት ያርፋል። ከዚያ በጨርቅ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ሆኖ ዘይት ውስጥ የገባ እንደሆነ ዘይቱ በወጥ ቤቷ እጅ ላይ ይፈናጠራል። ዘይቱ ቁንጥር ዱቄት ሲጣልበት ወዲያው ካልጮኸ አልጋለም፤ ባልጋለ ዘይት የገባ ዓሣ ዘይት ይጠጣና ይለሰልሳል። አንድ ዘይት ከማለዳ እስከ ማታ፣ ከረቡዕ እስከ ዓርብ የሚያገለግልበትም ቤት አለ፤ የዚያ ቤት ዓሣ መጥቆሩ የንስሐ ምልክት ተደርጎ ይወሰድ። ከዳጣ ጋር ሲቀርብ ጾመኛው በእጁ ነው የሚበላው፤ ጉንጩን፣ ከዓይኑ ሥር ያለውን ሥጋ ጭምር። ዓይን ይጹም ሲባል የዓሣውን ዓይን የሚመለከት የለም።

የፍልሰታ ነገር ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዘር አይደለም፤ 15 ያህል ዓይነት ሲሆን ብዙዎቹ ከዚህ ሐይቅ በቀር የትም ዓለም የሉም። ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ እንቁላል ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ገባር ወንዞች ይወጣል። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ትገባለች፤ ዓሣውም በዚያው ሰሞን በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባል። የዓሣ ፈላጊው ገበያና የዓሣው ምጥ አንድ ሳምንት ላይ ይገናኛሉ። መረብ ወንዙ አፍ ላይ ከተጣለ ለመያዝ ምንም ድካም የለም፤ የሚያዘው ግን ገና ያልወለደው ነው፤ በዚያ ዓመት ያልተጣለ እንቁላል ከጥቂት ዓመት በኋላ ያልተያዘ ዓሣ ነው። እናም ሆዱ የሞላ ነጭ ዓሣ ሳህን ላይ ሲቀርብ አንድ የሃይማኖት ጥያቄ ይነሣል፦ የዶሮ እንቁላል ፍስክ ከሆነ፣ የዓሣውስ እንቁላል ምንድን ነው? የብስኩት ልጣጭ የሚያነቡት ጋሼ በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጡም፤ አፋቸው ሞልቶ ነበር።

ቢራውን በአጭሩ እንለፈው። ገብስ ነው፣ ጌሾ መሰል አበባ ነው፣ ውኃ ነው፤ ወተት የለበትም። ስለዚህ እስከ ሌሊት 5 ሰዓት ድረስ የሚጠጣ ድራፍት በሥርዓቱ የተጾመ ነው። ጠጪው ወደ ቤቱ ሲሄድ ከባጃጅ ሹፌር ጋር በ10 ብር የሚሰዳደበው ስድብም ቅቤ የለበትም።

ቤት ውስጥ የሚጾመው ጾም ደግሞ በጣም የሚያስደስት ነው፤ በተለይ ለማይሠራው ሰው። የጾም ቅቤ የሚባለውን እንውሰድ። አንድ ሊትር ዘይት በለሰለሰ እሳት ላይ ተጥዶ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ እርድ ይገባበታል፤ እሳቱ ከበረታ አብሹ ያርርና ዘይቱ በሙሉ ይመራል፣ ማጥለልም አያድነውም። እልበቱ ደግሞ የባቄላና የአብሽ ዱቄት ተበጥብጦ፣ ተገንፍቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ነጭ ሆኖ እስኪኩረፈረፍ ይመታል፤ የሚመታው ክንድ እስኪዝል ነው፤ ቶሎ ከተተወ ገንፎ ሆኖ ይቀራል። ስልጆው ሱፉ ተወቅጦ፣ ተጨምቆ፣ ከባቄላ ዱቄት ጋር በስሎ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ልጅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ እሷም ትጾማለች፤ የምትቀምሰው ግን የጨዉን ልክ ለማወቅ እንኳ በምላሷ ጫፍ አይደለም፤ በማሽተት ነው የምታውቀው። የቤቱ ጌታ 9 ሰዓት ላይ ሰባት ዓይነት ወጥ ከፊቱ አሰልፎ «ዛሬስ ጾሙ ጠናብኝ» ይላል። እሷ መልስ የላትም፤ ውኃ ታስታጥባለች።

ምጽዋቱንም አንርሳ። የቀደሙ ሰዎች ሒሳቡን ቀላል አድርገውት ነበር፦ ያልበላኸውን ቁርስ ለራበው ስጥ። እኛ ግን ሒሳብ የምናውቅ ሕዝብ ስለሆንን የቁርሱን ዋጋ በዓሣው ላይ እንጨምረዋለን፤ ካልበቃም ከፍስኩ ወር ትንሽ እንበደራለን። በማለዳ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በር ላይ ሲቆም የሚሰጠው አልጠፋም፤ ከትናንት ወዲያ የተጋገረ እንጀራ ጠርዙ። ተማሪውም ያደርቀውና ድርቆሽ አድርጎ በውኃ ይበላዋል። ይህ ልጅ ስለ ጾም አንድም ፎቶ አላነሳም፤ በዚህ ረገድ ከእኛ ብዙ የሚማረው አለ። የጊዮርጊስ በር ላይ ከተቀመጡት ነዳያን ፊት የ10 ብር ኖት አስቀምጦ የ5 ብር መልስ የሚያነሣውም ምእመን እንዲሁ ሊመሰገን ይገባል፤ መጽሐፍ ቀኝህ የሚሠራውን ግራህ አትወቅ ብሏል፣ እሱም በቀኙ ሰጥቶ በግራው ወሰደ።

እንዲህ በተጋድሎ 55ቱ ቀን ያልቅና ትንሣኤ ይደርሳል። ብልኅ ሰው ቅዳሜ ማታ ተልባ ጠጥቶ ሆዱን ያለሰልሳል። ተልባ መጠጣት ንቀት የመሰለው ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከዶሮው 12 ብልት ሦስቱን፣ ከእንቁላሉ ሁለት፣ ከአይቡ ደህና አድርጎ ይወስድና ንጋት ላይ ጤና ጣቢያ ተራ ይይዛል። ነርሷ «ምን በሉ?» ስትለው «ምንም፣ ጾመኛ ነበርኩ» ይላታል፤ እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለጾመኛው ሆድ ክፉ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም ፍስክ ስለሆኑ የሚዛወርበት ቦታ የለም፤ ዓሣ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ የጾም ኬክ ከመስኮት ይነሣል። በ50ኛው ቀን ማግስት ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ይጽናና ይሆናል ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። ይህ የሰኔ ጾም ቅበላ የለውም፣ ልዩ ምግብ የለውም፣ ፎቶም አይነሣለትም። ስለዚህ ሕዝቡ በታላቅ ትሕትና «እሱ የቄስ ጾም ነው» ብሎ ለካህናቱ ትቶላቸዋል፤ ሥጋ ቤቶቹም እስከ ሐምሌ ድረስ ክፍት ናቸው።