ሜርኩሪው ይቅር፤ ዓምዱ ግን አይቅር

በስትሮ የሚጠጣ ሰው ውኃውን «ሳብኩት» ይላል። አልሳበውም። አፉ የሠራው ሥራ በስትሮው ውስጥ ያለውን አየር መቀነስ ብቻ ነው፤ ውኃውን ወደ ላይ ያወጣው ብርጭቆው ላይ የተጫነው የውጭ አየር ነው። የከባቢ አየር ግፊት ትምህርት ከዚህ መነሣት ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በባሕር ወለል ከፍታ ያለውን የአየር ግፊት የሚገልጸውን «760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ» የሚለውን ቁጥር ከማሸምደድ ነው። ተማሪው ቁጥሩን ይይዛል፤ አየር ክብደት እንዳለው ግን ልቡ አያምንም።

ጋሊሊዮ እንኳ ፓምፕ ውኃን ከ10 ሜትር ገደማ በላይ የማያወጣው ውኃው እንደ ገመድ በራሱ ክብደት እየተበጠሰ ነው ብሎ ነበር። ነገሩን የገለበጠው ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቶሪቼሊ ነው፦ እኛ የአየር ባሕር ወለል ላይ ነን፣ የሚገፋውም ያ ባሕር ነው አለ። አንድ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ ሞልቶ ሳህን ላይ ሲገለብጥ፣ ከውኃ 13.6 እጥፍ የሚከብደውን ፈሳሽ ብረት ሜርኩሪን ስለተጠቀመ በቱቦው ውስጥ የቀረው ዓምድ 76 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1648 ፔሪየር በፈረንሳዊው ሊቅ በአማቹ በፓስካል ጠያቂነት እንዲህ ያለውን ቱቦ ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለው ፑይ ደ ዶም ተራራ ሲያወጣው ሜርኩሪው 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ። ከላይ የተጫነው አየር ቀንሷላ!

ሜርኩሪ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት የሜርኩሪ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ምርት ከ2020 በኋላ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ እንዲቆም መወሰኑ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነኝ ከሜርኩሪው ጋር ዓምዱም መጣሉ ነው። ዛሬ ተማሪው የሚያየው ስክሪን ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ምን ከምን ጋር እንደተመዛዘነ አያሳይም።

ውኃ አለን እኮ። 11 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ፣ ባልዲ፣ ገመድና ባለ ብዙ ፎቅ ደረጃ ይበቃል። ቱቦው ወፍራም ግድግዳ ይኑረው፤ ስስ ከሆነ አየሩ ራሱ ይጨፈልቀዋል። አረፋ ሳይቀር በውኃ ይሞላ፣ አንዱ ጫፍ በደንብ ይደፈን፣ ሌላው ባልዲው ውኃ ውስጥ ይቅር። ከዚያ የተደፈነው ጫፍ በደረጃው በኩል ወደ ላይ ይጎተት።

10 ሜትር እስኪጠጋ ድረስ ውኃው ቱቦውን ሞልቶ ይከተላል (ከፍታ ቦታ ላይ ቀድሞ ይቆማል)። ከዚያ ጫፉ ብቻውን ይሄዳል። ከውኃው በላይ በተፈጠረው ባዶ ክፍተት ሥር ውኃው ሳይሞቅ አረፋ ማውጣት ይጀምራል፤ የሟሟው አየር ያመልጣል፣ ውኃውም ግፊት በማጣቱ ይፈላል። ቱቦውን አዘንብሉት፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ይረዝማል፣ ቀጥ ያለ ከፍታው ግን ያው ነው። ገመዱን የያዘው ተማሪ አንድ ክንድ ጨምሮ ይጎትት፤ ውኃው አይከተለውም።