«ተክል ማለት ተክል ነው» ላሉን አሰልጣኝ

ባለፈው ሳምንት ጅማ ውስጥ አንድ ስልጠና ላይ ነበርኩ። ለቡና ገበሬዎች የሚሰራጭ አዲስ ማኑዋል ሊዘጋጅ ነው። የግብርና ባለሙያዎች ነበሩ፤ እንደኔ ጽሑፍ የምናርምም ነበርን። እስከ ሻይ ሰዓት ሁሉም ነገር ሰላም ነበር።

ከሻይ በኋላ አሰልጣኙ አንድ ስላይድ ከፈቱ። መሀሉ ላይ «ፕላንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፏል። ዙሪያውን ትርጉሞቹ ተደርድረዋል። ዕፅዋት። መትከል። ፋብሪካ። የኃይል ማመንጫ። ሰርጎ ገብ ሰላይ። ሆን ተብሎ የተቀመጠ የሐሰት ማስረጃ። ከግርጌው ደግሞ ልጆቹ አሉ፤ ፕላንቴሽን፣ ፕላንተር፣ ትራንስፕላንት፣ ኢምፕላንት። አሰልጣኙ ወደ እኛ ዞር አሉና «አያችሁ? አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይሠራል። በእኛ ግን ተክል ማለት ተክል ነው፤ በቃ። ቋንቋችን ለሳይንስ አልደረሰም» አሉ። ወዲያው ሐሳብ ቀረበ። በማኑዋሉ ውስጥ «ፕላንቴሽን» (በሰፊው የተተከለ እርሻ ማለት ነው) እና «ትራንስፕላንት» (ነቅሎ መትከል) እንዳሉ ይግቡ ተባለ። እጅ ወጣ፤ አለፈ። ተጨበጨበም።

እኔ አላጨበጨብኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ከረመ። ዛሬ ልናገረው።

«ተክል ማለት ተክል ነው» ከምትለዋ ልጀምር። የዚያን ዕለት ጠዋት ከአዳራሹ ማዶ ለቅሶ ነበር። መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ አሰልጣኙ ራሳቸው «እዚያ አይሆንም፣ ድንኳን ተክለዋል» አሉን። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ድንኳን ሥር የለውም፤ ቅጠል አያወጣም። ግን ይተከላል። ጠዋት እንዲህ በአፋቸው ያገለገላቸውን ቃል ከሻይ በኋላ ድሃ ነው አሉት።

ድንኳን ብቻ አይደለም። ምሰሶ ይተከላል። ደመራ ይተከላል። የመብራት ፖል ይተከላል። ማሽን ይተከላል፤ ሥራውም ተከላ ይባላል። ታቦት ይተከላል፤ «ይህን ደብር የተከሉት እገሌ ናቸው» ሲባል መሠረቱት ማለት ነው። ድንጋይም ይተከላል፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 የመዘገባቸውን የጢያን ድንጋዮች ሁላችንም ትክል ድንጋይ ነው የምንላቸው። ጥፍር ይተከላል። ዓይን ይተከላል፤ «ዓይኑን ተክሎ አየኝ» ስትል አንዲት ልጅ ምን ማለቷ እንደሆነ የማይገባው የለም። ሰው ቁመናው ሲያምር ተክለ ሰውነቱ ይነሳል። ጻድቁ ተክለ ሃይማኖት የሃይማኖት ተክል ናቸው። አትክልት በግዕዝ የተክል ብዙ ቁጥር ነው፤ ዛሬ ጎመንና ቲማቲም ተሸክሞ ገበያ ውሏል፤ አትክልተኛንም ወልዷል። ይህ ሁሉ የአንድ ሥር ዘር ነው። አሰልጣኙ ስላይድ ይሥሩለት ቢባሉ አንዱ አይበቃቸውም ነበር።

ያለነው ደግሞ ጅማ ነው። አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጥነው አብዛኛው በሁለት ቋንቋ ነው የሚያስበው። በኦሮምኛ ዻቡ ማለት መትከልም ማቆምም ነው። ከዚሁ ቃል ዻበታ ይወጣል፤ ተቋም ማለት ነው። እንግሊዝኛው ከመትከል ተነስቶ ፋብሪካ ጋ ደረሰ ተብሎ ይጨበጨብለታል። ኦሮምኛው ከመትከል ተነስቶ ተቋም ጋ ከደረሰ ስንት ዘመኑ ነው! ያጨበጨበለት ግን የለም። ከአዳራሹ ሰው እኩሌታው ይህን ቃል ከእናቱ ጋር ሲያወራ የሚጠቀምበት ነው። አንድም ሰው አላነሳውም። ይህ ከምንም በላይ አናደደኝ።

እንግሊዝኛውንም ቢሆን አሰልጣኙ አልመረመሩትም። ፕላንት የመጣው ፕላንታ ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ፕላንታ ቡቃያ ማለት ነው፤ የእግር መርገጫም ማለት ነው። ሐኪሞች የውስጥ እግርን ነገር ዛሬም «ፕላንታር» የሚሉት ለዚህ ነው። አንዱን ጥሎ ቦታውን መያዝ «ሰፕላንት» የሚባለውም ከዚያው ከእግር መርገጫ ነው፤ መነሻው ሰውን በእግር ጠልፎ መጣል ነው። ቃል ማለት እንዲህ ነው። ሰው በሚኖርበትና በሚሠራበት በኩል ያድጋል። እንግሊዞች ፋብሪካ ተከሉና ቃሉ ፋብሪካ ሆነ። የእኛ ሰዎች ደብር ተከሉና ቃሉ ደብር መሠረተ። አንዱ ሳይንስ ሌላው ድህነት የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ደግሞስ አንድ ቃል ሃያ ትርጉም መሸከሙ ሀብት ነው ያለው ማነው? «ፕላንቱ ተቃጠለ» ብላችሁ ብትጽፉልኝ ፋብሪካው ይሁን ዛፉ በምን አውቃለሁ? እኛ ለያይተን ነው የምንጠራው። ማመንጫ የሚያመነጭ ነው። ማጣሪያ የሚያጣራ ነው። ፋብሪካ ፋብሪካ ነው። እያንዳንዱ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። አምና ላርመው በተሰጠኝ አንድ ረቂቅ ውስጥ «የቆሻሻ ውኃ ማጣሪያ ተክል» የሚል አገኘሁ። አንድ ገጽ ላይ አራት ጊዜ። ጸሐፊው የአማርኛ እጥረት አልነበረበትም። ዓይኑ እንግሊዝኛው ላይ ተተክሎ ስለነበር «ማጣሪያ» ብሎ ከጨረሰ በኋላ ምንም እንዳልጎደለው አላየም። ቃል የለንም የሚሉን ሰዎች ብዙ ጊዜ ያላቸውን ቃል መቁጠር የተዉ ናቸው።

አሁን ወደ ትራንስፕላንት ልምጣ። እንግሊዝኛው የሚለው «አሻግሮ መትከል» ነው። አማርኛው ንቅለ ተከላ ይላል። ነቀለ፣ ተከለ። ሁለት ሥራ፣ ሁለት ቃል፣ በቅደም ተከተል። የሌላ ሰው ኩላሊት ሲተከል ከአንዱ ሰው ተነቅሎ ነው። አንዱ ጋ ጉድለት እንዳለ እንግሊዝኛው ዝም ይላል፤ አማርኛው ይናገራል። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲደረግ ዜናውን የሰማ ሰው ሁሉ ቃሉን ያለ አስተርጓሚ ተረድቶታል። ሳይንሱ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ገበሬው ዘንድ ደግሞ ነቀላው ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። አክስቴ የቡና ችግኝ ስትተክል ያየ ሰው ይመስክር። ፍሬዋ መደብ ላይ ስትበቅል ገለባዋን እንደ ቆብ ደፍታ ነው የምትወጣው። ቅጠል አውጥታ፣ ጠንክራ፣ ክረምቱ ሲገባ ትነሳለች። ጉድጓዱ ከወራት በፊት ተቆፍሯል፤ የላዩ አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ተቀምጧል። አክስቴ ፕላስቲኩን በምላጭ ትሰነጥቃለች። አፈሩ እንዳይበተን በሁለት እጇ ታቅፋለች። ከዚያ ዋናውን ሥር በጣቷ ትዳስሳለች። ከታጠፈ አትተክለውም። የታጠፈ ሥር ይዞ የገባ ችግኝ ለዓመት ለሁለት ዓመት ያታልላል፤ ፍሬ ሲጠበቅበት ቢጫ ሆኖ ይደርቃል። «ነቀላውን ያላወቀ ተከላውን አያውቅም፣ ልጄ» ትለኛለች። ማኑዋሉ «ትራንስፕላንት ያድርጉ» ካላት ግን የትኛውን እንደሆነ መጥታ እኔን ልትጠይቅ ነው። ለእሷ ተብሎ የሚታተም ወረቀት እሷን አስተርጓሚ ፍለጋ ከላካት ለማን ነው የታተመው?

ከሁሉ የሚብሰው ግን «ፕላንቴሽን» ነው። በዚህ ቃል ላይ አልደራደርም።

አማርኛ ሁለት ነገር ለይቶ ያውቃል። የተተከለ አለ፤ የበቀለ አለ። ተከለ ሲባል ከበስተጀርባው ሰው አለ። በቀለ ሲባል መሬትና ዝናብ ይበቃል። በዕለት ተዕለት ንግግር ለሁሉም ተክል እንደምንል አውቃለሁ፤ ሲያስፈልግ ግን መለየት እንችላለን። ለጠላ የሚሆነው ገብስ ጎንቁሎ ብቅል ይሆናል። ልጅ ተወልዶ በቀለ ይባላል። በኦሮምኛ ቢቂላ ይባላል። ኦሮምኛ እንዲያውም ዕፅዋትን በጠቅላላ ቢቂልቱ ነው የሚለው፤ የበቀለ ማለት ነው። ማን ተከለው ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ልዩነት ጅማ ላይ የመጽሐፍ ነገር አይደለም። እንጀራ ነው። እዚህ የጫካ ቡና አለ፣ ከፊል የጫካ ቡና አለ፣ የጓሮ ቡና አለ፣ በመስመር የተተከለ የእርሻ ቡናም አለ። ጌራ ወይም በለጤ ደን ውስጥ ሳሳና ዋንዛ ከሚባሉት ዛፎች ሥር የቆመውን ቡና ማንም በመስመር አልተከለውም። አንድ ጊዜ ወደ ጌራ በኩል ሄጄ አንድ አዛውንት ገበሬ «ኦቦ፣ ይህን ቡና ማን ተከለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። «ማን ይተክለዋል? ወፍ ዘራው፣ በቀለ። እኛ ሥሩን መነጠርን፣ ጠበቅነው» አሉኝ። አራት ግሦች ናቸው። ዘራ፣ በቀለ፣ መነጠረ፣ ጠበቀ። የአንድ አካባቢ የቡና ታሪክ እዚያ ውስጥ አለ። ማኑዋሉ ግን ይህን ሁሉ «ፕላንቴሽን» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ሊከተው ነው። ረቂቁን አይቼዋለሁ፤ የጫካ ቡናም እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ገብቷል።

ፕላንቴሽን እኮ ንጹሕ ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1609 የተጀመረው የአልስተር ፕላንቴሽን የተከለው ሰው ነበር፤ የአየርላንድን መሬት ነጥቆ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ሰፋሪ አመጣበት። አሜሪካ ውስጥ ቃሉ ከጥጥና ከባርነት ጋር ተጣብቆ ቀረ። ሮድ አይላንድ የተባለችው ግዛት ከሕጋዊ ስሟ ላይ «ፕላንቴሽንስ» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ2020 በሕዝብ ድምፅ አውጥታ ጣለችው። ባለቤቶቹ የሚያፍሩበትን ስም እኛ እጅ አውጥተን፣ አጨብጭበን፣ ለጌራ ጫካ እንሰጣለን። ሰው ተክሎታል ብሎ የሚጀምር ወረቀት ነገ የተከለው ማነው፣ ባለቤቱስ ማነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ «በቀለ፣ ጠበቅነው» ያሉት አዛውንት መልሳቸው በየትኛው ሳጥን ውስጥ ይሞላል?

የተተከለውን ያዳነው የበቀለው መሆኑንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ መታየቱን እዚህ ያለ የቡና ባለሙያ ሁሉ ያውቃል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ይጠቁር ጀመር። መፍትሔው ከየት መጣ? ጅማ አጠገብ ካለው የመልኮ የምርምር ማዕከል የሚወጡት 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ቁጥራቸው የሚጀምረው በ74 ነው፤ የተሰበሰቡበት እ.ኤ.አ. 1974 ነው። ማንም አዳቅሎ አልፈጠራቸውም። በኢሉባቦር ቆመው፣ በሽታው ሲያልፍ ሳይነካቸው ከተገኙ እናት ዛፎች የተመረጡ ናቸው። ዛሬ በመስመር ከተተከለው ቡና ብዙው ከእነሱ ዘር ነው። በቀለን ከማኑዋል ላይ የሚሰርዝ ሰው ይህን ታሪክ አብሮ ይሰርዛል።

ትራክተርን፣ ፕላስቲክን፣ ማኑዋልን እኔም እጽፋለሁ፤ ከላይ ጽፌአለሁ። ቃሉ ከዕቃው ጋር አብሮ መጣ፤ ይግባ። ቡና ግን ከሌላ አገር የመጣ ዕቃ አይደለም። ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «አራቢካ» ብሎ የዓረብ አድርጎ መዘገበው፤ ስሙ ከሄደ ቀረ። አሁን ደግሞ የሚበቅልበትን ጫካ ስም በገዛ እጃችን ልናስረክብ ነው።

ማኑዋሉ ገና አልታተመም። ረቂቁ የሚታይበት ቀጣዩ ስብሰባ ሐሙስ ነው። በሁለት ገጽ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። በአንዱ በኩል የአማርኛው፣ በሌላው በኩል የኦሮምኛው፤ የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡና፣ ተከላ፣ ንቅለ ተከላ፣ ምንጣሮ። ኦሮምኛውን አንድ የጎማ ወረዳ ልጅ አርሞልኛል። አሰልጣኙም ይመጣሉ ተብሏል። ከፊት ወንበር ነው የምቀመጠው።